ቃሬዛ እስኪደርስ አብረው የሚቀሩት ሰው፦ የጋሽ ፊሽካ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህታቸው «ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ይሸሻል፤ ተራራ የወጣውም ብቻውን ለመሆን ነው» ይላሉ። የተራራ ነፍስ አድን ቡድኑ ሾፌር ደግሞ «ብቸኝነትን እንደ ጋሽ ፊሽካ የሚፈራ ሰው አላየሁም» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለሚያውቁት ሰው ነው። ነገሩ ግን ከወሬ ያለፈ ነበር፤ የጋሽ ፊሽካ መቃብር ቦታ በዚሁ ላይ ተንጠልጥሎ ሰንብቷልና። እህታቸው ከዛፎቹ ጀርባ ማንም የማይደርስበትን ጥግ መረጡ። ሾፌሩ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ካልሆነ አለ።

ጋሽ ፊሽካ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከተራራው ግርጌ ባለችው በዚህች ከተማ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የመነጽር ሥራ ተምረው በአንድ መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሏ መስኮት የላትም። ትእዛዝ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባል፣ የተሞረደው መስታወት በዚያው ይወጣል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማው ሰው ዓይን ልክ በእጃቸው አለፈ፤ ፊቱን ግን አያውቁትም ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ጨዋታ ወዳድ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ማዕድ ላይ አፋቸውን ለምግብ እንጂ ለወሬ የማይከፍቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲለያዩ ጎረቤት እንኳ ድምፅ አልሰማም። ባለቤታቸው ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ እቤት አንድ ወንበር ቀረ። ጋሽ ፊሽካ ሁለተኛ አልገዙም።

ተራራ መውጣት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ብቻቸውን፣ በኋላም ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሆነው የጠፋ ሰው ይፈልጉ ጀመር። ወደ ላይ የሚወጣውን ሁሉ እያስቆሙ ፊሽካ ስለሚያድሉ ስሙ እዚያው ወጣላቸው። «ጭጋግ ከወረደ ባለህበት ቁም፣ ንፋ፣ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ» ይላሉ። በከተማ ጫማ የመጣ ካዩ ደግሞ «ይሄ ለፎቶ ነው ለዳገት?» ሳይሉ አያሳልፉም።

ቡድኑ አንድ ደንብ አለው። የተጎዳ ሰው ሲገኝ ሌሎቹ ቃሬዛ ለማምጣት ሲወርዱ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀራል፤ በብርድ የደነዘዘው እንቅልፍ እንዳይወስደው እያወራ ያቆየዋል። ሥራው ይበርዳል፣ ይረዝማል፤ የሚሽቀዳደምለትም የለም። ጋሽ ፊሽካ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ እቀራለሁ» ይሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያላወጡትን ቃል እዚያ ለብርዱ በተዘረጋው ሸራ ሥር ሆነው ያወጡታል።

አንዲት የሒሳብ መምህርት ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ አብረዋት ቀርተው ነበር። ዓይኗ ክድን ክድን ሲል ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቋት።

«ሃምሳ ስድስት።»

«ተሳስተሻል፣ ሃምሳ አራት ነው።»

«እርስዎ ለመሆኑ ተምረዋል?» ብላ ቱግ አለች። ቃሬዛው እስኪደርስ ድረስ ሲከራከሩ ቆዩ፤ እሷም እንቅልፍ ሳይወስዳት ወረደች።

ከዚያ በኋላ ግን ከተማ ውስጥ ሲያዩዋት መንገድ ይሻገራሉ። ያዳኑትን ሰው ሁሉ እንዲሁ ይሸሹ ነበር። ሾፌሩ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው «እኔን ሲያዩ ያ ክፉ ቀን ትዝ ይላቸዋል፤ ለምን እረብሻቸዋለሁ?» አሉት። መምህርቷ ደግሞ «ያኔ በሞኝነቴ ስለተቆጣኋቸው ተናደው ነው» ብላ ታፍርና እሷም ፊቷን ታዞራለች። እንዲህ እየተሸሻሹ ብዙ ዓመት አለፈ።

ሳንባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ሾፌሩ «ለማንም እንዳትናገር» ያሉትን ቃላቸውን አጥፎ ለመምህርቷ ነገራት። በማግስቱ ከቤቷ ወንበር ይዛ መጣች።

«ጋሽ ፊሽካ፣ መንገድ የሚቀይሩብኝ ለምን ነበር?»

«አንቺስ ትቀይሪ አልነበር?» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ታጫውታቸው ነበር። ጋሽ ፊሽካ ላዳኗቸው ለሌሎቹም ሾፌሩ መልእክት ልኮ ነበር፤ አንዳንዶቹ ከተማውን ለቀዋል፣ አንዳንዶቹ ሲሰሙ ረፍዶ ነበር። እህታቸው ደርሰው በሩን ሲከፍቱ ወንድማቸው በተቆራረጠ ትንፋሽ ከመምህርቷ ጋር ስለ ማባዛት ሲሟገቱ አገኟቸው። እንዲህ ሲያወሩ ሰምተዋቸው እንደማያውቁ ተናግረዋል።

ጋሽ ፊሽካ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ታላቅ እህታቸውን፣ አንድ የእህት ልጅና የነፍስ አድን ቡድኑን ባልደረቦች ትተው አልፈዋል። አጠገብ መቀመጥን የሚያውቁትን ሰው ፈጣሪ አጠገቡ ያስቀምጥልን።

ዛሬ ጠዋት የመቃብር ጠባቂው ቦታውን እንዲያሳዩት ሲጠይቅ ሾፌሩ ውሳኔው የቤተሰብ ነው ብሎ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እህታቸው ወደ ዛፎቹ ጥቂት ተራመዱ፣ ቆሙ፣ ተመለሱም። ሁላችንም እየሰማን፣ ጮክ ብለው «ዛፎቹ ይቅሩ። ወንድሜን መንገዱ ዳር ቅበሩልኝ» አሉ።