በመንገዱ አካፋይ ላይ ስለተተከለው ሰሌዳ

ለተከበሩ የመስቀለኛ መንገዶች ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ዓይንዎም፣ ወገብዎም፣ ከሁሉ በላይ ጉልበትዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በሠሩልን መንገድ ያለ ጉልበት ወዲያ ማዶ የሚደርስ ሰው የለምና። እኔ ከመስቀለኛው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሱሪያቸውን የሚያሳጥሩት እኔ ዘንድ ስለሆነ በሩቁም ቢሆን እንተዋወቃለን። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመንገዱ አካፋይ ላይ ያስተከሉት "እዚህ መቆም ክልክል ነው" የሚለው ሰሌዳ ይነሳልኝ። ምክንያቴን ደግሞ፣ ጊዜዎን እንደማልሻማ ተስፋ በማድረግ፣ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ መንገዱ ስፋት። ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከመንገዱ ማዶ በወላጆቻችን ቤት ትኖር ነበር። እሷ ባሏ ሞቶባት፣ እኔም ትዳር ሳይቀናኝ ቀርቶ፣ ምሳ የምንበላው አብረን ነበር። መንገዱ ጠባብ በነበረበት ዘመን በሯ ላይ ቆማ ስትጠራኝ እሰማታለሁ፤ መቀሴን አስቀምጬ እሻገራለሁ። ከዚያ እርስዎ እያደገ ለሚሄደው ትራፊክና ለመጪው ልማት ሲሉ መንገዱን አሰፉልን፤ ለዚህም ምስጋናዬ የመንገዱን ያህል ሰፊ ነው። መኪኖቹ የተቆጠሩት መሥሪያ ቤትዎ የታችኛውን መንገድ ለጥገና ዘግቶ የከተማው መኪና በሙሉ በእኛ በር በሚያልፍበት ሳምንት መሆኑን ጎረቤቴ ጎሚስታው በስብሰባ ላይ አንስቶ ነበር። መሐንዲስዎም ጥናቱ የሚመለከተው ወደፊት የሚመጣውን እንጂ ዛሬ ያለውን አይደለም ብለው በትዕግሥት አስረዱን። እኛም ላም አለኝ በሰማይ ብለን ወደየሥራችን ተመለስን። የታችኛው መንገድ ሲከፈት መኪኖቹ ወደዚያው ሄዱ፤ የቀሩት ጥቂቶች ሜዳውን ሲያገኙ ይበሩበታል።

፪ኛ/ ስለ አረንጓዴው መብራት። ለእግረኛ የፈቀዱልን አረንጓዴ መብራት ሯጭ ላለው ቤተሰብ በቂ ነው። እኔና እትዬን የሚያደርሰን ግን እስከ መንገዱ እኩሌታ ብቻ ነበር። እሷ ከማዶ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትነሳለች፣ እኔ ከወዲህ እነሳለሁ፣ አካፋዩ ላይ እንገናኛለን። መብራቱ ቀይ ሲሆን ከሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን እንበላለን። ጎሚስታው "የደሴቲቱ ባላባቶች" የሚል ስም አወጣልን፤ ከሱቁ በር ሆኖ እጅ ሲነሳን እትዬ እስኪያስላት ትስቅ ነበር። እዚህ ላይ አቤቱታ የለኝም፤ ደስ ይለን ነበር። ሳያስቡት ስለሠሩልን መቀመጫም አመሰግናለሁ።

፫ኛ/ ስለ ሰሌዳው። የሰፈሩ አዛውንቶች ተሰብስበው መብራቱ አጭር ስለሆነ መሐል መንገድ ላይ እየቆምን ነው ብለው አመለከቱ። መሥሪያ ቤትዎ ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ችግሩ መቆማችን መሆኑን ደረሰበት፤ እነሆም መቆም ተከለከለ። ሰሌዳው ጽሑፉ የጠራ፣ ቀለሙ የማይለቅ፣ ከሩቅ የሚነበብ ነው። እኔ ሰሌዳው መቆምን እንጂ መቀመጥን አልከለከለም ብዬ ብከራከርም እትዬ አልሰማችኝም። ጡረታ እስክትወጣ በሆስፒታል ነርስ የነበረች ሴት ናት፤ ግድግዳ ላይ "ጸጥታ ይከበር" ከተባለ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ፣ "በዚህ ይግቡ" ከተባለ በዚያው የምትገባ። የመንግሥት ጽሑፍ በከንቱ አይሰቀልም አለችኝ። ከእንግዲህ ምሳውን እስከ ሱቅህ ድረስ አመጣዋለሁ ብላም ቆረጠች።

በማግስቱ ከወዲህ ጠርዝ ሆኜ ጠበቅኳት። አካፋዩ ጋ ስትደርስ መብራቱ ቀይ ሆነ። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችና ሳትቆም ወደ እኔ ወረደች። ቁሚ ለማለት እጄን አነሳሁ፤ እሷም ሰላም ያልኳት መስሏት ምሳ ዕቃውን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ዕቃ ጫኝ መኪና ነበር፤ ሾፌሩ ወጣት ሰው ነው፣ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አልመጣልኝም፤ ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆኛለሁ፣ ቢረግጡኝም አይሰማኝም። በማግስቱ ከቀብር ስመለስ የደንበኛ ኮት ነበረብኝና እጅጌውን ገጠምኩ።

፬ኛ/ ስለ ማጣሪያው ሪፖርት። ባለሙያዎችዎ እግረኛዋ በቀይ መብራት ወደ መንገዱ በመግባታቸው ጥፋቱ የራሳቸው ነው ሲሉ ደመደሙ። የአብዬን ወደ እምዬ የሚባለውን ተረት በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። ሪፖርቱ መንገዱንም፣ መብራቱንም፣ ሾፌሩንም ነጻ ሲያወጣ ሰሌዳው በስሙ እንኳ አልተጠራም። እትዬን አንቱ ስላሏት ግን አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠየቅኩም፣ ማንም ከወንበሩ እንዲነሳም አልፈልግም። ሰሌዳው ብቻ ይነሳ። በዚህ ሰፈር የተጻፈን ነገር የሚያከብሩ ሌሎች አሮጊቶችም አሉ፤ መሐል መንገድ ላይ ሲደክማቸው ይቁሙ።

ይህን ስጽፍ አንድም መኪና በማያልፍበት ሰፊው መንገድዎ ዳር ሆኜ፣ ለመጪዎቹ መኪኖች መልካም መንገድ፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና የማይደክም ጉልበት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ሱሪዎን ለማሳጠር ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንኩት፣
የመስቀለኛው ጥግ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ከቀብሩ በኋላ አረንጓዴው መብራት እንዲረዝም ማድረግዎን አይቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ሞከርኩትና በእርግጥም ይበቃል፣ በእኔ እርምጃ እንኳ እስከ እትዬ በር ያደርሳል። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም እኔ ኪስ ነው። ስለዚህ እመለስና አካፋዩ ላይ ከሰሌዳዎ ሥር ቁጭ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ። ሕግ ለማስከበር ከመጡ በምሳ ሰዓት ይምጡ፤ አጠገቤ ቦታ አለ።