በቁሙ ለቅሶ የተቀመጥክለት ልጅህ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ወር ሊሞላ ነው። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል፤ እኔን ሴት ልጅህን ግን ንዴቴ ቀደመኝ።

እማዬ አልጋችሁ ላይ መተኛት ትታ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምታድረው። መንገዱን ስለቆፋፈሩት ወደ ሳሊተ ምሕረት የሚመጣው ታክሲ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ ብትኖር ስትነጫነጭ እንሰማህ ነበር። የወታደር ልብስ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ሰቅለነዋል። ከጎኑ አንተው ጥቁር ሪባን ያሰርክበት የወንድሜ የዮናስ ፎቶ አለ። ሪባኑን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ በሕይወት አለ፣ አባዬ። አንተም ታውቅ ነበር። ግንባር ላይ የገዛ አገሩን ሰው ቤት አቃጥል ሲሉት እምቢ ብሎ ጠፋ፤ ድንበር ተሻግሮ ካምፓላ ገባና ጥገኝነት ጠየቀ። መጀመሪያ የደወለው ላንተ ነበር። አንተ ግን «ከዳ» ብለህ ስልኩን ዘጋህበት። ማንን ነው የከዳው? ቤታቸው ሳይቃጠል የቀረላቸውን ሰዎች ነው? ሳምንት ሳይሞላ ለጎረቤቱ ሁሉ ግንባር ላይ ወደቀ ብለህ አወራህ፤ የዕድሩ ድንኳን በራችን ላይ ተተከለ። ልጁ ከዳ ከምባል ሞተበት ልባል አልክ። እማዬን ልጇ በሕይወት እያለ ጥቁር አለበስካት። እኔንም ለቀስተኛ ፊት አስቀምጠህ አስዋሸኸኝ።

እማዬ ዛሬም ትከራከርልሃለች፤ እኛን ከጣጣ ሊያድነን ብሎ ነው ትላለች። ይሁን እሺ። ታዲያ እሑድ እሑድ ለእኛ ሲደውል ለምን ከክፍሉ ትወጣ ነበር? በር ዘግተህ አንድ ጊዜ ድምፁን ብትሰማው ማን ያይህ ነበር?

ልጆች እያለን ወሎ ሰፈር ጫማ ልትገዛልን ስትወስደን፣ ዮኒ ካልለካ አልለካም ብዬ ሳስቸግር ትስቅ ነበር። ከሱ ጋር ቁጭ ብለህ አንተም ጫማ ትለካ ነበር። ያ አባቴ የት እንደገባ አላውቅም።

የቀብርህ ቀን ዮናስ በቪዲዮ ደወለ። ሽንት ቤት ገብቼ ቆልፌ አነሳሁት። እየተንሰቀሰቀ አለቀሰልህ፤ እኔ ሰው እንዳይሰማው ቧንቧውን ከፈትኩት። ስወጣ ጎረቤቶች እማዬን ያጽናናሉ፤ «አይዞሽ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር ተገናኝተዋል» ይሏታል። እማዬ አንገቷን ደፍታ አሜን አለች።

እኔ አሜን አልልም።

አልረሳህም፣ አባዬ። ደግነትህንም ያንን ድንኳንም እኩል አስታውሳለሁ። በአርባህ ቀን ግን ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ እነሳና ዮናስ አለ እላለሁ። ደውዬለት ስልኩን ለጎረቤቶቻችን በየተራ አቀብላለሁ። የመጣው ይምጣ። ልጅህ አባቱ ሞቶበታል፤ እስካሁን እግዜር ያጥናህ ያለው ጎረቤት የለም።