መንገዱን በስሜ አትሰይሙት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባልሽ ቨርን በስልክ “ደረጃ መውጣት ትታለች” ብሎኝ ነበር። ደረጃውን ትተሽ የሰው በር ማንኳኳቱን ግን አልተውሽም አሉ። እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ከሐኪሙ ቁጣ በቀር ምንም አላመጣብኝም።

የላክሽው ወረቀት ደረሰኝ። አራት መቶ አስራ ሁለት ፊርማ! ከፔርሊ እስከ ጋሊን ያለው አውራ ጎዳና በስሜ እንዲጠራ። በግዛቱ ምክር ቤት በቆየሁበት አስራ ስድስት ዓመት ስንቱን ድልድይና መንገድ በጡረተኛ ፖለቲከኛ ስም ስንሰይም ኖረናል፤ ሌላ ሥራ ሲጠፋ የምንሠራው እሱን ነበር። ተራው የእኔ ሲሆን ግን ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሞቴ፣ ይሄን ወረቀት ለማንም እንዳታስገቢ።

ለምን ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። እንግዲህ ስሚኝ፣ ነገሩ የማዋለጃው ጉዳይ ነው።

የገጠር ሆስፒታሎችን ድጎማ የሚቆርጠው ሕግ ለድምፅ ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንቺ የጋገርሽውን የኮክ ፓይ እየበላሁ “እኔ ቆሜ እያለሁ የፔርሊ ማዋለጃ አይዘጋም!” አልኩ። አጨበጨባችሁልኝ። በነጋታው አፈ ጉባኤው ጠራኝና የመስኖ ኮሚቴው ሰብሳቢ እንደሌለው ነገረኝ። ሕጉ ካለፈ ወንበሩ የእኔ እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። ድምፅ የምንሰጠው ጠረጴዛችን ላይ ባለ ቁልፍ ነው፤ አረንጓዴው ድጋፍ፣ ቀዩ ተቃውሞ። አንዱ ወጣ ሲል አጠገቡ ያለው ይጫንለታል። ደንቡ ይከለክላል፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ክላይድ ነበር።

የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ፦ ሽንት ቤት ሄጄ፣ ክላይድ ተሳስቶ አረንጓዴውን ተጫነብኝ፣ ሕጉም በአንድ ድምፅ አለፈ። አመንሽኝ። ማመን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ለከተማው ሁሉ ምስክር ሆንሽልኝ። ፀጉርሽን የምትሠራሽ ሎቲ “ወንድምሽ ሸጠን” ብትልሽ፣ “ምላስሽን ይቁረጠው!” ብለሽ ግማሽ ፀጉርሽ እንደተጠቀለለ ወጣሽ። ያን ዓመት ለእርሻ ትርኢት የመጣውን ክላይድንም በሰው ፊት “አንተ ደንቆሮ፣ ቀይና አረንጓዴ አትለይም?” አልሽው። ባርኔጣውን አወለቀና “እውነትዎን ነው፣ እትዬ” አለሽ። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ የተጠበሰ ዓሣ እበላ ነበር።

ክላይድ አልተሳሳተም፣ እታለም። ከወንበሬ ስነሳ “የቱን ልጫንልህ?” አለኝ። “ያንተን የምትጫነውን” አልኩት። አረንጓዴውን እንደሚጫን ሁለት ቀን ሙሉ ሲነግረኝ ሰንብቷል። “ኧረ ተው፣ የአገርህ ሰዎች ይበሉሃል” ቢለኝ፣ “ለዚህ አይደል እንዴ የምወጣው” አልኩት። ሽንት ቤትም አልሄድኩም። ከበሩ ጀርባ ቆሜ በበሩ መስታወት የድምፅ ሰሌዳውን አየሁ። ከስሜ ፊት አረንጓዴው በራ። አፈ ጉባኤው “ድምፁን የሚለውጥ አለ?” ብሎ ጠየቀ። ከበሩ እስከ ወንበሬ አስር እርምጃ ቢሆን ነው። አልገባሁም። ሌባ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ እንኳ የሚሰርቀው በገዛ እጁ ነው።

ሰብሳቢነቱን አገኘሁ። ሁለት ቦይ አስቆፈርኩ። አንቺ በር እያንኳኳሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመረጥኩ።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ልጅሽን ሮዌናን ምጥ ሲይዛት ማዋለጃው ተዘግቶ ፔርሊ ውስጥ የሚያዋልድ አልነበረም። እስከ ጋሊን ሃምሳ ማይል ነው። ሠላሳው ላይ መኪና ውስጥ ወለደች፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ሕፃኑ ትንፋሽ አልነበረውም። በስሜ ይጠራ ብለሽ ፊርማ የምትለቅሚበት መንገድ እሱ ነው። በቀብሩ ዕለት ክንዴን ይዘሽ “አንተ የዚያን ቀን ወንበርህ ላይ ብትሆን ይሄ አይደርስብንም ነበር” አልሽኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ልታጽናኚኝ ነበር። እኔም ማጽናናትሽን ተቀበልኩ። በዚያው ዓመት “ደከመኝ” ብዬ ምርጫውን የተውኩት ደክሞኝ አልነበረም።

ክላይድ ባለፈው ወር ሞተ። አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠኝም። እስካሁን እሱ ይናገርልኛል ብዬ ስጠብቅ ኖሬ ነው መሰለኝ፤ አየሽ፣ ያንንም በሱ እጅ ላስጭነው ነበር።

ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። ለሎቲ ግን እውነቷን እንደነበር ንገሪያት። ለሮዌና አንቺ አትንገሪብኝ፤ እሑድ ራሴ እመጣለሁ። በሩን ብትዘጋብኝም ደጅ እቆማለሁ።

ለስሜ ደግሞ አታስቢ። ሮዌና ለልጇ ያወጣችለት የእኔን ስም ነው። በዚያ መንገድ ዳር፣ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ቀን አንድ ብቻ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ቤትሽን ይጠብቅልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ