አገር ያወቀው የይለፍ ቃል

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሂባቅ፤

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ሰጋል፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአላህ ፊትና ከሒሳብ ደብተሬ በተገነጠለው በዚህ ወረቀት ፊት በራሴ ላይ እመሰክራለሁ፦ ባለፈው ቅዳሜ አያታችን ሐጂ ሩብሌ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ስልካቸውን ከፍቼ በእሳቸው ስም አንዲት መልእክት ልኬአለሁ። አንዲት ብቻ። ያውም አጭር።

አሁን ቀለል ስላለኝ ወደ ሰላምታው እገባለሁ። እንዴት ከረምሽ እትዬ? ጤናሽስ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተወሽ? የማሌዥያ ዝናብ ልብስ የምታሰጪበት ቀን ሰጠሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ድካሙ ነው እንጂ። እማዬ ከሱቅ ስትመለስ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አቅም የላትም። እኔም ከእንቅልፌ የምነሳው ደክሞኝ ነው። ያልደከማቸው አያታችን ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ የሚደክመን እኛ ነን።

በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። ስልክ ተዘረፈ የሚለው ወሬ ከተነሳ ወዲህ እማዬ ስልኬን ነጥቃ የት እንደቀበረችው አላህ ይወቅ። ደብዳቤውን ቅዳሜ ወደ እናንተ የምትበረው የሱቅ ደንበኛችን ዘህራ ታመጣልሻለች። የኮምፒውተር መምህራችን “የምትልኩትን ሁሉ ሦስተኛ ሰው ሊያነበው እንደሚችል አስባችሁ ላኩ” ይላሉ፤ ስለዚህ ዘህራ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ ላንቺም ሰላም ብያለሁ።

መምህር ሊባንን አታውቂያቸውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጡት። ለስድሳ አራት ተማሪ አሥራ አራት ኮምፒውተር አለን፤ ከአሥራ አራቱ የሚነቁት ዘጠኝ ናቸው። ደመና የዋለ ቀን የፀሐይ መብራቱ እምቢ ሲል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኮምፒውተር ስለው ያስተምሩናል። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ ጠመኔ እጃቸው ላይ እያለ ቆመው ሲያንቀላፉ አይቻቸዋለሁ። ግን እትዬ፣ ወሬ የማይወራበት ክፍል የሳቸው ብቻ ነው። ማናቸውንም ነገር ከመላካችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ ይሉናል። አምና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፎቶዋ ተሰርቆ ሲያስፈራሯት ትምህርቷን ልትተው ነበር። አባቷ ዘንድ ሄደው “የተሰረቀ ሰው ይቀጣል እንዴ?” ብለው የመለሷት እሳቸው ናቸው።

እኚህ ሰው ከወር በፊት የቤት ሥራ ሰጡን፤ እያንዳንዳችን ለአንድ አዛውንት ስልክ የይለፍ ቃል እንድናስገባ። ቃሉን ባለቤቱ ይምረጥ፤ እናንተ ጆሯችሁን ድፈኑ አሉን። ለእኔ የደረሱኝ አያታችን ነበሩ። ብቻቸውን በሆኑልኝ! ያለ አራቱ ዘመዶቻቸው ጫት እንደማይቅሙ ታውቂያለሽ፤ አምስቱም ስልኮቻቸውን ምንጣፉ ላይ ደረደሩልኝ። “ማንም የማያውቀው ቃል ምረጡ፤ ለእኔም አትንገሩኝ” አልኳቸው። አያታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አዛን እንደሚል ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ራጌ!” አሉ። የሰባተኛ አያታችን ስም። ሚስጥር መሆን አለበት እኮ ብላቸው “አያቱን የሚደብቅ አባቱን የማያውቅ ነው!” ብለው ተቆጡ። አራቱም “እውነት ነው! ለእኔም ራጌ በዪልኝ! ከራጌ ወዲያ ማን አለ!” ብለው ተንጫጩ። አምስት ስልክ፣ አንድ ቃል። ያንንም ቃል የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አፉን ሲፈታ ነው የሚሸመድደው። ለመምህር ሊባን ስነግራቸው ግንባራቸውን የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ አሳረፉ፤ ስክሪኑ አንድ ገጽ ሙሉ ትርጉም የሌለው ፊደል ተፋ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልመለስ። አያታችንና የአጎታቸው ልጅ አያ ኦብሲዬ በአንድ ግድግዳ እየኖሩ፣ የዝናብ ውኃው ጉድጓድ ክዳን ተከፍቶ አድሮ ሁለት ፍየል ከገባበት ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይነጋገሩም። ክዳኑን የረሳው እሱ ነው ይባባላሉ። መልእክተኛዋ አንቺ ነበርሽ፤ ሥራውን ለእኔ አውርሰሽኝ ሄድሽ፤ አላህ ይይልሽ። “ያን ሰውዬ ሬዲዮውን ዝቅ ያድርግ በዪው።” “ያን ሰውዬ ካልጣመው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይጠቅጥቅ በዪው።” ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔ ሳልደርስ ሁለቱም ሰምተዋል፤ ግን ቆመው ይጠብቁኛል። ከአፌ ካልወጣ አልተነገረም! ያን ቅዳሜ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። በአሥራ አንደኛው ስመለስ አያታችን ያንኮራፋሉ፤ ስልኩ ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ራጌ ብዬ ከፈትኩና ሁለቱም አባል የሆኑበት የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ የሚጻጻፍበት ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ወንድሜ ኦብሲዬ፣ ክዳኑን ረስቼ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አርጅተናል። ይቅር በለኝ።” እንደተማርኩት ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። ተንፍሼ ላክሁት።

አያ ኦብሲዬ ለዓስር ሶላት ሳይጠራ በግ እየጎተቱ፣ የግመል ወተት አስይዘው፣ እያለቀሱ መጡ። ሰፈሩ በሙሉ በራችን ላይ ቆመ። አያታችን ገና ከእንቅልፋቸው መንቃታቸው ነው፤ በጉን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ሌላ ምን ይላሉ፣ “ግባ” አሉ። እስከ መግሪብ ሻይ ሲጠጡ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መልእክት ተኛሁ።

ሲነጋ ግን አያታችን መልእክቱን አነበቡ፤ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። “ስልኬ ተዘርፏል! ይህን የጻፈ የእኔ ጣት አይደለም!” ብለው ኮሚቴውን ቀሰቀሱ፤ ከአያ ኦብሲዬ ጋር የጀመሩትን ሻይ ግን አላቋረጡም። አራቱም ዘመዶቻቸው “የእኛም ቃል እኮ ያው ነው!” ብለው ደነገጡ። ነገሩን ሲያላምጡ ውለው የደረሱበት ፍርድ ይህ ነው፦ መምህሩ ልጆቻችንን ቤት ለቤት የላከው ቁልፍ ሊሰበስብ ነው። ክፍሉ ይዘጋ፤ እሱም ይሂድ። የሴት ልጆች አባቶችማ ክፍሉ እስኪዘጋም አልጠበቁ፤ ሰኞ ዕለት በሴቶቹ ፈረቃ ከሃያ ስምንታችን የመጣነው ዘጠኝ ነን። ለዘጠኝ ኮምፒውተር ዘጠኝ ሰው፤ እንዲህ ያለ ቀን ስመኝ ነበር፤ ሲመጣ ግን የሚጣፍጥ አልሆነም።

የዚያን ዕለት መምህር ሊባን ሰሌዳውን እየጠረጉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ “ሦስት ጊዜ ተንፍሰሽ ነበር?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። “አራተኛ ልጨምርበት ይገባኝ ነበር” ብለው ወጡ።

ይህን የምጽፍልሽ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ነው፤ ዛሬ ይወስናሉ። በሩ የአያታችንን ድምፅ የሚያግድ አይደለም። መምህር ሊባን ግን ሲናገሩ ጆሮዬን መለጠፍ ነበረብኝ፤ “የቤት ሥራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የማንንም ልጅ ስም አልጠራም” ሲሉ ሰማሁ።

ቅድም አያ ኦብሲዬ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ለውዱእ ብለው ወጡና ከጎኔ ተቀመጡ። “ሩብሌ በዕድሜው ‘ተሳሳትኩ’ ብሎ አያውቅም፤ የእሱ ቃል እንዳልሆነ ጫማዬን ሳላጠልቅ ነው ያወቅሁት” አሉኝ። ታዲያ በጉን ለምን አመጡት ብላቸው ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ አሉ። “እሱ እስኪለው ብጠብቅ መሞቴ ነው። ደግሞ ልንገርሽ፣ ክዳኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠየቀህ ሲሉኝ ነው ያለቀስኩት፤ ከሐፍረት።” ቀጥለውም “አንቺ ከተናገርሽ እኔም መናገሬ ነው። ከተናገርኩ ያን ሻይ ዳግመኛ አልጠጣውም። ተይው የኔ ልጅ” ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ውዱኡንም ረሱት።

ምን ላድርግ እትዬ? ዝም ካልኩ መምህር ሊባን ቅዳሜ ሻንጣቸውን ይዘው ወደመጡበት ሐርጌሳ ይመለሳሉ፤ ሃያ ስምንታችንም በጥቁር ሰሌዳ ኮምፒውተር እንቀራለን፤ የሚስልልን እንኳ የለም። ከተናገርኩ እማዬ ያን ክፍል በደጁ አታሳልፈኝም፤ ሽማግሌዎቹም ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ፤ እኔም ወደ ምልልሴ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮርተው፣ የመረጡት ቃል አገር ያወቀው ሆኖ፣ ሸክሙ ደርሶ ደርሶ የእኔ ትከሻ ላይ ማረፉ ይደክማል። ሆኖም መላኪያውን የተጫነው የእነሱ ጣት አይደለም። ሰላምታዬን ጨርሼ አንኳኳለሁ።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ መጻፌን ባታውቅም ብታውቅ ትል ነበር። አያታችን ሰላም ይሉሻል፤ ሶላትሽን እንዳትረሺ፣ ምናልባትም የእኔን ፍርድ አይተሽ እንድትማሪ። ሕፃኑ ወንድማችን ቡርሃን የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ሲስቅ አያ ኦብሲዬን ነው የሚመስለው። አብራሽ ለምትኖረው ለሱአድና ለቤት አከራያችሁ ሰላምታዬ ይድረስ። ለአከራያችሁ ድመትም። ሌላ ሰላም የምለው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

እህትሽ ሰጋል
ቦረማ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 20 ቀን 2025

ይህችን ቆሜ ነው የምጽፋት። እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ነበር፤ በሩ ቀደመኝ። አያታችን ናቸው። ከኋላቸው መምህር ሊባን ሂጂ እንደማለት ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፤ አያ ኦብሲዬ ወለሉን ያያሉ። አያታችን ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሳይጮሁ፣ ቀስ ብለው፣ “ሰጋል” አሉ።

አቤት።