ዛሬ እኔ ኛማል ነኝ

ኛማልዬ፣ ወላሂ አሁን እንኳን እመኚኝ። ሰሚራ ደግሞ ጀመራት አትበይ፣ አትሳቂብኝ፣ እናትሽን ወባ ይዟታል፣ በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርሽ፣ ሰው ሁሉ አላምንም አለኝ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ።

ባሮ ሲጎድል ነው የሄድሽው፣ አሁን ተመልሶ እየሞላ ነው። ውሃው ደፍርሷል፣ ግንድ እያመጣ ነው። ሰው ጊዜው እንዴት ይሮጣል ይላል፣ እኔ መሮጡንም መቆሙንም አላውቅም። ከቀበርንሽ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። አላለቀስኩም፣ ታምኚያለሽ? ዶሮ ሲታረድ የማለቅሰው ልጅ አላለቀስኩም። ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ፣ ስኳር እመዝናለሁ፣ ሳሙና ሲሉኝ ባትሪ ድንጋይ አወጣለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ አፌ ነው የሚስቀው። ምግቡ ጣዕም የለውም ግን እበላለሁ። እግር ብዙ ሲቀመጡበት ይደነዝዝ የለ? መላ ሰውነቴ እንደዚያ ነው።

ምን አዲስ ነገር አለ ካልሽ፣ አባዬ ሱቁን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ፊት ለፊት ያለውን ማንጎ ለመብራት ሽቦ ብለው ቆረጡት፣ አሁን በረንዳው ላይ ጥላ የለም። አንቺ ዓሣ ይዘሽ ትቀመጪበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ሰው ሳይነገረው ዞሮ ነው የሚያልፈው። ሻይ የምትሸጠው ዘነበች አገባች። ባሏ ከዲማ የመጣ ወርቅ ቆፋሪ ነው፣ ወርቁን ግን እኔም እስካሁን አላየሁትም ትላለች ራሷ።

እናትሽ ግን ከቤት አትወጣም። ዓሣውንም ተወችው፣ የቸርች ሴቶች ናቸው እህል የሚያመጡላት። ከቀብሩ በኋላ በየቀኑ እሄድ ነበር፣ አንድ ቀን እጄን ያዘችና "ልጄ፣ አትምጪብኝ፣ አንቺን ሳይ እሷ ከኋላሽ የምትመጣ ይመስለኛል፣ በር በሩን አያለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም።

ዛሬ ግን ቀኑ ነው። የጓደኛ ቀን፣ የመቀያየሪያችን።

ዘንድሮ ትልቅ አድርገውታል ብልሽ አታምኚም። አንድ ድርጅት መጥቶ ባነር ሰቅሏል፣ ቲሸርት ያድላል፣ ማይክ የያዘው ሰውዬ ይሄን በዓል ድሮ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነው የጀመሩት እያለ ይለፈልፋል። ዘነበች በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ሂጂ ንገሪው እንጂ፣ ሽማግሌዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ" አለችኝ። እኔ ማይክ ፊት? ደግሞ ምንም አልተሰማኝም። ይበሉ።

እኛ እኮ እናውቀዋለን። የዓሣ ነገር ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩ ዓመት ነው፣ ገና ልጆች ነበርን፣ ያቺ ወፍራም ሴትዮ ሱቃችን ደጃፍ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ "ይቺን ልጅ ከዚህ አስነሺልኝ፣ ሸተተችኝ" ያለች ቀን። አንቺ ቀና ብለሽም አላየሻት። ስትሄድ ወደኔ ዞረሽ "እስቲ ነገ አንቺ እዚህ ተቀመጪ፣ እኔ ሱቅ እገባለሁ፣ ማን እንደሚሸት እናያለን" አልሽኝ። ፈራሁ። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ ጅማ ሄዷል፣ ቢመጣስ፣ ዓሣው ቢነክሰኝስ። "የሞተ ዓሣ ይነክሳል እንዴ! አንቺ እኮ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ" ብለሽ በሳቅ ፈረስሽ።

ሁሉም ግን አልሞተም ነበር። በነጋታው ጨርቅሽን በአንድ ትከሻዬ ላይ አስረሽልኝ መሬት ተቀመጥኩ፣ አንዱ አምባዛ ሳፋው ውስጥ ገና ነፍስ ነበረው፣ ዘሎ እግሬ ላይ ሲያርፍ ጩኸቴ ፖሊስ አመጣ። ፖሊሱ ራሱ ነው ዓሣውን አሯሩጦ የያዘልኝ፣ ደክሜበታለሁ ብሎ ገዛው። ሴትዮዋም መጣች። በየቀኑ ሰሚዬ ሰሚዬ እያለች ስኳር የምትገዛኝ ሴት፣ በጣቷ ዓሣውን ነካ ነካ አድርጋ አፍንጫዋን ይዛ ሄደች፣ ፊቴን አላየችውም። እንደዚያ ነበር ለካ በየቀኑ።

አንቺ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ጉድ ሠራሽ። ዓሣ ሻጭ ምርቃት ይሰጣል አይደል፣ ለገዛ ሰው አንዲት ትንሽ ዓሣ ጣል ታደርጊለታለሽ። አንቺም ለስኳሩም ለጨውም ለዘይቱም ምርቃት ጨመርሽ፣ ሳሙና ለገዛ ሳሙና መረቅሽ! ሰፈሩ ሰምቶ ተሰለፈ። አባዬ ከአይሱዙ ላይ ወርዶ ሰልፉን ሲያይ "ሱቄን ማነው ሰርግ ቤት ያደረገው?" ብሎ ጮኸ። እኔ ከሳፋው ኋላ ተደበቅኩ።

ያኔ ነው እናትሽ የመጣችው። ትልቅ ዓሣ ይዛ፣ አባዬ እግር ሥር አስቀመጠችና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ልጆቹ ተቀያይረዋል። ዛሬ የኔ ልጅ ያንተ ነች፣ ከፈለግክ ምታት። ያንተ ልጅ የኔ ነች፣ እኔ አልመታትም፣ ርቧታል፣ ቤቴ እወስዳታለሁ" አለች። አባዬ አንቺን አየ፣ ዓሣውን አየ፣ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ "በይ የኔ ልጅ፣ ሱቁን ዝጊና እራት እንብላ" አለሽ። እኔን እናትሽ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ፣ እጄን በሎሚ አሸችልኝ፣ ወልወላችሁን፣ ያንን የተድቦለቦለ የበቆሎ ቅቅል፣ በወተት አበላችኝ። እስክንተኛ ድረስ ኛማል እያለች ጠራችኝ። ኛማል ውሃ አምጪ፣ ኛማል በሩን ዝጊ። እኔ ሰሚራ ነኝ ስላት "ዛሬ አይደለሽም። ዛሬ ኛማል ብዬ ስጠራሽ አቤት በይ፣ አንቺም እማ ብለሽ ስትጠሪኝ አቤት እላለሁ" አለች።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ሽማግሌም ዛፍም የለበትም።

በዓመቱ ባሮ ሊሞላ ሲል ደገምነው። ከዚያ ዘነበችና ልብስ ሰፊዋ ተቀያየሩ፣ ዘነበች እንድታሳጥር የተሰጣትን ሱሪ ቁምጣ አደረገችው። ከዚያ የገበያው መስመር በሙሉ።

ዛሬ ከማን ጋር ነው የምትቀያየሪው ሲሉኝ ከኛማል ጋር አልኳቸው። ጨርቅሽን አሰርኩና ሳፋውን ልወስድ እንደ ሌላው ዓመት እናንተ ቤት ሄድኩ፣ አትምጪ ብትለኝም ሄድኩ። እናትሽ ግቢው ውስጥ ናት። በእኩለ ቀን፣ በዚህ በጋምቤላ ፀሐይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ፀሐዩ ላይ ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች። ጥርሷ ይጋጫል። ኛማል፣ አንቺም እንደዚያ ነበርሽ። ዓሣሽ አጠገብ ኩርምት ብለሽ በረደኝ ስትዪኝ ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኩሽ፣ ለመንኩሽ፣ "ላንቺ ጉንፋንም ሞት ይመስልሻል፣ ፀሐይ ትብረድና እሄዳለሁ" አልሽ። ለካ ከቀናት በፊትም አሞሽ ነበር። ፀሐይ ስትበርድ ሰው አትለዪም ነበር፣ ጤና ጣቢያ ስናደርስሽ ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል አሉን። በሕይወቴ አንዴ ነው ፈርቼ ልክ የሆንኩት።

እማ ተነሺ እንሂድ አልኳት። "ወባ አይደለም፣ ሐዘን ነው፣ ሐዘን እንደዚህ ያንቀጠቅጣል" ብላ ግድግዳ ይዛ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ጎረቤት ጠራሁ። "ሰሚራ ደግሞ! ባለፈው ግንድ አይታ አዞ ብላ ያስሮጠችን አይደለች?" ብለው ሳቁብኝ። አባዬ ጋ ሮጥኩ፣ "ሐዘንተኛ ሴት አታስጨንቂ፣ ተቀመጪ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው ጨው ሸጥኩለት። ከዚያ ተነስቼ ተመለስኩ፣ እግሬ ነው የሄደው፣ እኔ ልሂድ አላልኩም።

በሩ ላይ ቆሜ "እማ፣ ኛማል ነኝ" አልኩ።

ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ዛሬ ቀኑ ነው፣ ስትጠሪኝ አቤት እላለሁ ብለሻል፣ አቤት በዪኝ አልኳት። ዶሮዋ ብቻ መሬቱን ትጭራለች። ከዚያ ከውስጥ "አቤት፣ ኛማል" አለች።

ያኔም አላለቀስኩም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ ጣትሽን ወግተው ይዩት፣ ወባ ካልሆነ ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም አልኳት። "እሺ ልጄ። አሁን ደክሞኛል። ፀሐይ ትብረድና በስልክሽ እደውላለሁ፣ ባጃጅ ይዘሽ ትመጫለሽ" አለች። ከዚያ ብጠራትም በሩን ብገፋውም አልተከፈተልኝም።

ፀሐይ ትብረድ አለች፣ ኛማል። አንቺ ያልሽውን።

ባጃጁን ይዤዋለሁ፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሟል። ሹፌሩ "እህቴ፣ ከጨለመ እኔ መንገድ ላይ መገኘት አልችልም" ብሎኛል፣ እውነቱን ነው፣ በዚህ ሰሞን ማታ ባጃጅ ተከልክሏል። ስልክሽ እሷ ጋ ነው፣ መዝሙር ስለምትሰማበት አጥፍታው አታውቅም። ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። ይሄንንም ወደ ራስሽ ቁጥር ነው የምልከው፣ ሌላ የት እንደሚላክ አላውቅም። ፊደሉን ከሳትኩ አትሳቂ።

አንቺን እንደሆነ አልረሳሽም፣ ይሄን ስል እንኳን አልፈራም። ባሮ በሞላ ቁጥር ጨርቅሽን አስሬ ቦታሽ ላይ እቀመጣለሁ፣ ኛማል ብለው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ፣ ሽማግሌዎች ጀመሩት ላለኝ ሰው ማይክ ባይኖረኝም ጮክ ብዬ እናገራለሁ። እሱ ግን የየዓመቱ ነው። የዛሬው እናትሽ ናት።

ፀሐይዋ ከባሮ ድልድይ በላይ ትንሽ ነው የቀራት። አባዬ ወጥቶ ባጃጁን አየው፣ አጠገቤ ቁጭ አለ። እኔ ስጠራት ካልሰማች አንቺ ጥሪያት፣ አንቺን ትሰማለች፣ ስልኩን እጇ ላይ አድርጊላት። መናገር አያስፈልጋትም፣ ካርዱ ጥቂት ቢሆንም ሚስኮል ይበቃኛል፣ ስምሽ ስልኬ ላይ ይብራ ብቻ፣ እመጣለሁ፣ ተሸክሜያትም ቢሆን እወስዳታለሁ። ደውዪልኝ ኛማልዬ። ከመጨለሙ በፊት ደውዪልኝ።