የማይነቀለው ሰርዶ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ብቸና

ዛሬ የልጅ ልጄ ስንዱ ከሞጣ መጥታ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን ብቸና አይኖሩም፤ ዕቃዎን ይሰብስቡ» አለችኝ። «ብቻ»ን ከ«ብቸና» አጋጥማ ቅኔ የዘረፈች መስሏታል። እኔም የደጄን ሰርዶ አሳይቼ፣ «ይህን ሣር ከነሥሩ ከነቀልሽው እሄዳለሁ» አልኳት።

ሰርዶ በየአንጓው ሥር እየሰደደ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስትጎትተው ተበጠሰ፤ ነጩ ሥር ከአፈር ውስጥ ቀረ። በዶማ ብትከታትፈው ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ላቧ ጠብ ሲል፣ «እኔም እንዲሁ ነኝ» ብዬ ሳቅሁባት።

እሷ ግን እጇ ላይ የቀረውን ቁራጭ ከነጭቃው ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሞጣም አፈር አለ፣ አባባ» አለች።

ቢሆንም አልሄድም። ቁራጩን ግን ውኃ እንዳትነፍገው አደራ ብያታለሁ።