«ማንኪያ» በል

ጥቅምት 4 ቀን 2001

ሲዘንብ ዋለ። ልብስ አልደረቀም።

ጠዋት ጣሰውን አጣጠብኩት፣ ሸሚዝ ቀየርኩለት፣ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ትምህርት። «ውሃ» ጥርት አድርጎ አለ። «በር» አለ። «ማንኪያ» ግን «ማንቃ» ሆነበት። አስደገምኩት። አሁንም «ማንቃ»። ዓይኑን ጨፈነ። አልለቀቅኩትም።

ነሐሴ ላይ ስትሮክ ሲመታው ቀኝ እጁንና ምላሱን ይዞበት ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ከጅማ ሚዛን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ወሬው የማያልቅ ሰው... ባሌ።

የሆስፒታሉ ሐኪም «በቀን ትንሽ ትንሽ አለማምጂው፣ ሲደክመው ተዪው» ብሎኛል። ትንሽ ትንሽ? አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው ያረጀሁት። በትንሽ ትንሽ ፊደል የለየ ልጅ አላየሁም።

ጥቅምት 11

ግድግዳውን ሥዕል በሥዕል አደረግኩት። በሬ፣ ቤት፣ መኪና፣ ዛፍ። ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በፊት።

ልጃችን ሔርሜላ ከሺሺንዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ ቤቱን ክፍል አደረግሽው እኮ።»

«ታዲያ ማን ይርዳው?»

ለጣሰው የመኪናውን ሥዕል አሳየሁት። አየው፣ አየው... እንባው መጣ። መኪና ማለት ጠፍቶት ነው ወይስ መኪናው ትዝ ብሎት? እንጃ። ቀጠልኩ።

ጥቅምት 19

ጋሽ ተክለጻድቅ ሊጠይቁት መጡ። አብረው የነዱ፣ በአንድ ትሪ የበሉ ናቸው። ደስ ብሎኝ «በል ስማቸውን ንገራቸው! ተክ... ተክለ...» አልኩት። ግንባሩ በላብ ራሰ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ተክለጻድቅ ኮፍያቸውን ያገላብጣሉ።

«ተዪው ብርቅዬ። እኔ እሱን ላየው ነው የመጣሁት፣ ስሜን ላሰማ አይደለም።»

«ካልተገደደ አይመጣለትም፣ ጋሽ ተክለጻድቅ።»

የቀረበላቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ሄዱ። ደግመው የሚመጡ አይመስለኝም።

ጥቅምት 27

«በር» ጠፋበት። የነበረው! ባለፈው ሳምንት የነበረው! ያነሰ ሠርተን ይሆናል። የማታውን ትምህርት አራዘምኩት።

ወገቤ... ስተኛም ቃል እየደጋገምኩ ነው።

ኅዳር 3

ዛሬ የሆነው መጻፍም ያስጠላል።

ምሳ ላይ ማንኪያውን አፉ አጠገብ ይዤ «ማንኪያ በል፣ እሰጥሃለሁ» አልኩት። አየኝ። «በል እንጂ! ማ... ማን...» ርቦታል። አውቃለሁ እንደራበው። ሽሮው በረደ። እኔም አልሰጠሁም።

ማንኪያውን በግራ እጁ መታው። ሽሮው ግድግዳው ላይ፣ ሥዕሎቹ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለማን ብዬ ነው የምደክመው? ለራሴ ነው?

ኅዳር 4

«ውሃ»ም አላለም።

ኅዳር 9

ምንም የለም። አንድ ቃል የለም። ከእጄ አይበላም፣ ጥርሱን ይገጥማል። ሔርሜላ ስታጎርሰው ይበላል።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ የምንሠራውን ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«እትዬ፣ የታመመ አእምሮ ይደክመዋል። ሲጨነቅ ደግሞ ያለውንም ይዘጋዋል። ይረፍ።»

«ካረፈ በዚያው ይቀራል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እሱም እርስዎን እየፈራ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሔርሜላ ወደ መስኮት አየች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ብቻ...

ማረፍ እንዴት ነው የሚደረገው? እጄን አጣጥፌ ሲጠፋ ልየው?

ኅዳር 16

ታላቅ እህቱ እትዬ ጽጌ ከደካ መጡ። ጭቃው አውቶቡሱን ይዞት መንገድ ላይ አድረዋል። ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ገና እንደተቀመጡ ሥዕሎቹን ላሳያቸው ተነሳሁ፤ ልማድ መቼ ይለቃል።

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ውጪ» አሉኝ።

ከገዛ ቤቴ! ተናድጄ እህሌን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

ስመለስ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። እንግዳ መጣ ብዬ ፈጠን አልኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ... ጣሰው ነው። ጣሰው! ይንተባተባል፣ ያቋርጣል፣ ግን ያወራል። በካፊ ኖኖ፣ በአፍ መፍቻ የካፋ ቋንቋው። እትዬ ጽጌ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። የሳቁን ድምፅ ረስቼው ነበር።

ዱቄቱን እንደታቀፍኩ ገባሁ። አየኝ። ዝም አለ።

ያ ዝምታ ነው የገደለኝ።

ኅዳር 17

እትዬ ጽጌን ማድ ቤት ጠየቅኳቸው።

«ምን አደረጉት?»

«ምንም። ቁጭ አልኩ። የእናታችን ላም ወንዝ ውስጥ የገባች ጊዜ አወራሁ። እሱ ሳቀ። ከዚያ "ቀይዋ" አለ። አዎ፣ ቀይ ነበረች።»

«እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ለፍቼ ለፍቼ...»

«ችግሩ እሱ ነዋ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና «አማርኛ ለእሱ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ቀድሞ ይሄዳል» አሉኝ። «ይመለስ ይሆናል። ግን እየጎተቱ እንግዳ አይገባም።»

ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። እኔም ካፊ ኖኖ ከገበያ ያለፈ አላውቅም፤ ሂሳብና ሰላምታ። አስፈልጎኝም አያውቅም።

ሥዕሎቹን አነሳሁ። ግድግዳው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር 24

አላስተማርኩም። ከባድ ነው። ውሃ ስሰጠው «ምን ይባላል?» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ጠጣው።

ትናንት ጋሽ ተክለጻድቅ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ነገ እመጣለሁ» አሉ። መጡም። ሁለቱ ዝም ብለው መንገድ ሲያዩ ዋሉ። ጣሰው ደስ ብሎታል።

ማታ ከእጄ አንድ ጉርሻ ተቀበለ። አንድ። አልቆጠርኩበትም... ይኸው ቆጠርኩ።

ታኅሣሥ 2

ፀሐይ ወጣ። በረንዳው ላይ ሦስታችንም፣ ጣሰው፣ እትዬ ጽጌና እኔ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ ጎመን እቀነጥሳለሁ። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ትገባኛለች። ያልገባኝን አልጠየቅኩም።

ድንገት ወደ እኔ ዞሮ ረጅም ነገር ተናገረ። እየፈለገ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ። ጠበቅኩት። ቃል አላቀበልኩትም። ሲጨርስ እትዬ ጽጌን አየኋቸው።

«"ይቺ ሴት አልቃለች" ይላል። "ሌሊት አትተኛም፣ ቀን አትቀመጥም። ለምን አታርፍም?" ነው የሚልሽ።»

ስለ እኔ ነው። ያን ሁሉ ቃል የለቃቀመው ስለ እኔ ነው።

«ደክሞኛል» አልኩት በአማርኛ። ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶታል። በግራ እጁ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገ።

ጎመኑን አስቀመጥኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሳይሠራ፣ ትከሻው ላይ ራሴን ጣል አድርጌ ተኛሁ።

ስነቃ አሁንም ያወራሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንዳልነቃ ነው።

ዓይኔን አልገለጥኩም።